የመግቢያው ነጥብና የመውጫው ደመወዝ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን፣ ከወልዲያ ተነስቶ ጎብዬን፣ ቆቦንና ዋጃን አቋርጦ ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ያለ ተፈታኝ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ልጁ ስንት አመጣ? የትስ ተመደበ? አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ከደረሰው እልልታው ይቀልጣል። ወልዲያ ወይም ሌላ ቅርብ ጊዜ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን ደስታው ላይ ጥቂት ቅሬታ ጣል ይልበታል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያው ትምህርት ክፍል ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቁት ልጆች ዛሬ የት ናቸው፣ ስንትስ ይከፈላቸዋል የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ እምብዛም አይነሳም፤ ቢነሳም ወላጅ በሚገባው ቁጥር የሚመልስለት አያገኝም። የመግቢያ ነጥብ ከፍታ ስለ ተማሪው ብዙ ይናገራል፤ ስለ ዩኒቨርሲቲው የሚናገረው ጥቂት ነው። ለዋጃ ገበሬም ሆነ ለቆቦ ነጋዴ ልጁን የት ልላክ ለሚለው ውሳኔ የሚጠቅመው መረጃ ከምርቃት በኋላ ያለው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህን በየትምህርት ክፍሉ ለይተው ይፋ የማድረግ ግዴታ ሊጣልባቸው ይገባል።

በመጀመሪያ ፉክክሩ የት ላይ እንዳለ እንይ። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ እንዲሰጥ በተደረገበት የመጀመሪያ ዙር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህም ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። በዚህ የመጨረሻው ዓመት ያለፉት 48,929 ናቸው። አሁን ይህን ቁጥር ከ40 ለሚበልጡት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ብናካፍለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ሺህ ገደማ ተማሪ ነው። በሺዎች የሚቆጠር አልጋና ወንበር አዘጋጅቶ ለተቀመጠ ግቢ ይህ ጥቂት ነው። የማለፊያ ነጥቡን ላላመጡ የሚሰጠው የሪሚዲያል ትምህርት መጥቶ ክፍተቱን ባይሸፍን ኖሮ ብዙ ማደሪያዎች ባዶ በቀሩ ነበር። ስለዚህ ጠባቡ በር ያለው በብሔራዊ ፈተናው ላይ ነው። ያንን ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ አያጣም፤ የሚፎካከረው ለሚፈልገው ግቢና በተለይም ለሚፈልገው የትምህርት መስክ ነው። ከ2015ቱ የራስ ገዝነት አዋጅ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት የጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው የሚታይ ሲሆን፣ ለሌሎቹ ተማሪ የሚደለድለው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ "ተፈላጊ" ነው ሲባል እንግዲህ ብዙ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ልጆች በምርጫ ቅጻቸው ላይ በመጀመሪያ ሞልተውታል ከማለት አያልፍም። ለምን ሞሉት ቢባል ታላላቆቻቸውም ስለሞሉት ነው።

ነጥቡ ራሱ የሚለካውም የልጁን ጭንቅላት ብቻ አይደለም። በ2015ቱ ፈተና ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድም ጎበዝ አልነበረም ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ከእሱ ጋር መከራከር ከንቱ ነው። የላቦራቶሪ መኖር አለመኖር፣ የመምህር መሟላት፣ የመጻሕፍት መድረስ፣ የተማረ ወላጅ ቤት ውስጥ መኖር ሁሉም በዚያች ነጥብ ውስጥ ገብተዋል። ቆቦና ዋጃ ባሉበት በራያ ቆላ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ በነበረው ጊዜ ጦርነቱ በቆቦና በአካባቢው ደጋግሞ ተመላልሷል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፎና ንብረቱ ወድሞ ማስተማር አቁሞ ነበር። ሰላሙ በቅጡ ሳይመለስ የአማራ ክልሉ ግጭት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌላ የትምህርት ዓመት በላ። በዚህ ሁሉ መካከል አልፎ 55 በመቶ ያመጣ የዋጃ ልጅና ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ተምሮ 55 ያመጣ ልጅ በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ ወደፊት ምን ያህል ሊራመዱ እንደሚችሉ ግን ያቺ ነጥብ አትነግረንም።

ወደ ደመወዙ እንምጣ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለተመራቂ ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ የሚከፍለው ለሥራ መደቡ እንጂ ዲግሪው ላይ ለታተመው የዩኒቨርሲቲ ስም አይደለም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከወልዲያ የተመረቀውም ከአዲስ አበባ የተመረቀውም በዚያው መደብ ከተቀጠሩ ይህንኑ ያገኛሉ። የሥራ ግብርና የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲነሳለት እጁ የሚገባው 8,600 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ የወጪ መጋራት ይቀነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላሩ ዋጋ ከ57 ብር ተነስቶ ከእጥፍ በላይ በመሆኑ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ የቆቦ ሱቆች ያውቁታል። በአንድ ወቅት በነጥባቸው አገር ያስደነቁ ሐኪሞች ግንቦት 2017 ላይ የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ሕክምና ለመግባት ከሁሉ በላይ ከባድ የሆነ መስክ ነው፤ የመግቢያው ክብደት ግን ደመወዙን ከፍ አላደረገውም። የነጥብና የገቢ ትስስር እንደምናስበው ጠንካራ ላለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ለውጥ የሚያመጣው ይልቅ የትምህርት መስኩና የሥራ ገበያው መገጣጠም ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት 70 በመቶ የሚሆነው ተማሪ በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ወስኖ ብዙ ሺህ መሐንዲሶች አስመረቀ። የመንገድ፣ የግድብና የኮንዶሚኒየም ግንባታ በተፋፋመበት ጊዜ ሲቪል መሐንዲስ ሥራ ሳያጣ ኖረ። ግንባታው ሲቀዘቅዝ ግን ያው ዲግሪ፣ ያው ነጥብ፣ ያው ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመራቂው ቤቱ ተቀመጠ። ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን ለሚጠርቡ፣ ባጃጅ ለሚነዱ ወጣቶች አገሩ አዲስ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች በተደረገው የሥራ ጥናት የሥራ አጥነቱ መጠን 19.1 በመቶ ነበር፤ ይህ እንግዲህ ከጦርነቱም ከብር መውደቅም በፊት ነው። ራያ ቆላን ለብቻ ብንወስድ የተመራቂ ቀጣሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል፣ የባንክ ቅርንጫፎች፣ ጥቂት የተራድኦ ድርጅቶች። በአንጻሩ ከሸለቆው ስር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ፣ የመስኖ እርሻው፣ የማሽላውና የጤፉ ምርት፣ የከብቱ ገበያ የሚፈልገው ባለሙያ አለ፤ በመደበኛ ደመወዝ የሚቀጥረው ድርጅት ግን ገና አልተፈጠረም። የአንድ መስክ ተመራቂ ሥራ ማግኘት አለማግኘት የሚወሰነው እንዲህ ባለ ነገር ነው። የምርጫ ቅጹን የሚሞላው የ18 ዓመት ልጅ ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም፤ የሚነግረው ሊኖር ይገባ ነበር።

እስካሁን በእጃችን ያለው ለውጤት የቀረበ ቁጥር ተመራቂ ተማሪዎች የሚቀመጡለት የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም መስኮች ሲሰጥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054፣ ማለትም 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ አለፉ፤ ከግል ተቋማት ግን 17.2 በመቶ ብቻ። ይህ ዜና በወጣ ጊዜ ብዙ ሰው የመንግሥቱ ጥሩ፣ የግሉ መጥፎ ብሎ ፈረደ። ከፊል እውነት አለው፤ ገንዘብ ብቻ እየሰበሰቡ ዲግሪ ያደሉ ኮሌጆች እንደነበሩ ማንም አይክድም። ነገር ግን የመንግሥቶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያው የተሻለ ነጥብ ያለውን ልጅ ነው የተቀበሉት፤ የግሎቹ የተረፈውን። ጎበዝ አስገብቶ ጎበዝ ማስወጣት ትልቅ ሙያ አይደለም። ሙያው በ52 የገባውን ልጅ ከየት አንስቶ የት አደረሰው የሚለው ነው። ይህ እንዲታወቅ የመግቢያና የመውጫ ውጤቱ ለየተማሪው ተያይዞ መታየት አለበት። ደግሞም የመውጫ ፈተና ማለፍ ሥራ ማግኘት አይደለም፤ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ለመቆም የሚያበቃ ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሳው ተቃውሞ ይገባኛል። "ስም ዋጋ አለው፤ ባንኩም የውጭ ድርጅቱም ከአዲስ አበባ የተመረቀውን ይመርጣል፤ ደግሞ አብረው የሚማሩት ልጆች ነገ የሥልጣንና የገንዘብ ሰዎች ናቸው፤ ትውውቁ ብቻውን ሀብት ነው" ይባላል። ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። በአሜሪካ ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት ስመ ጥር ነው። ያደረጉት ብልሃት ቀላል ነው፤ ስመ ጥር ኮሌጅ የገቡትን ከማንም ጋር ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ውጤት ኖሯቸው ለተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ግን ብዙም ስም ወደሌለው ከሄዱት ጋር አነጻጸሩ። ከዓመታት በኋላ የሁለቱ ወገን ገቢ በአማካይ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ልጁን ያበለጸገው የራሱ ችሎታና ትጋት እንጂ የግቢው በር ጥበት አልነበረም ማለት ነው። ጥናቱ ግን አንድ ልዩነት አሳይቷል፤ እሱም ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ልጆች ስመ ጥር ኮሌጅ በመግባታቸው ተጠቅመዋል። የሀብታም ልጅ ትውውቁን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ የድሃ ልጅ ግን የሚያገኘው ግቢው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለዋጃ ልጅ ስም ዋጋ የለውም አልልም። ሊኖረው ይችላል፤ ምናልባትም ከአዲስ አበባው ልጅ የበለጠ። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ስሙ ምን ያህል ይጠቅማል፣ በየትኛው መስክ፣ ለየትኛው ቤተሰብ ልጅ የሚለው በግምት የሚመለስ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የስሙ ዋጋ በደመወዝ ሰሌዳው ምክንያት ዜሮ ከሆነና በባንክ ትልቅ ከሆነ፣ መምህር ለመሆን የሚያስብ ልጅ ለስም ሲል ከቤተሰቡ ርቆ በትራንስፖርትና በኪስ ገንዘብ ቤቱን ማራቆት የለበትም። ባንክ የሚያስበው ደግሞ ርቆ መሄዱ ያዋጣው ይሆናል። ዛሬ ሁለቱም የሚወስኑት በጭፍን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከመምህራን ወገን የሚመጣ ሲሆን ከበድ ይላል። ዩኒቨርሲቲን በተመራቂው ደመወዝ መለካት ትምህርትን ገበያ ማድረግ ነው፤ መምህር፣ ነርስና የግብርና ባለሙያ የሚያስመርቅ ተቋም ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ሊታይ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ለዚህም ምስክሩ ከራያ ደጃፍ አይርቅም። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የቆቦን ማሽላ ከሥሩ እየመጠጠ ስንት ዘመን ገበሬውን እንዳስለቀሰ ይታወቃል። አረሙን የሚቋቋም ማሽላ በማፍለቅ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ነው። ከዚያ ሥራ ተነስተው በአገራችን ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ "ጎብዬ" ይባላል፤ ከቆቦ በስተደቡብ የምትገኘውን ከተማ ስም የያዘ ነው። ዘሩን በማሳ ላይ የሞከረው፣ ለገበሬው ያደረሰው፣ አዘራሩን ያሳየው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪና የወረዳው የግብርና ሠራተኛ በወር ስንት እንደሚከፈለው ብንጽፍ የሥራውን ዋጋ አንድ አሥረኛ እንኳ አንነካም። ነገር ግን ይህ ቁጥሩን ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም። ነርሷም መምህሩም ደመወዛቸው አነስተኛ መሆኑ በይፋ ሲታይ የሚያፍረው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከፋዩ ነው። በደመወዙ ጎን ስንቱ ሥራ ያዘ፣ በተማረው መስክ የሠራው ስንቱ ነው፣ ሥራ እስኪያገኝ ስንት ወር ፈጀበት የሚሉት ቢጻፉ ደግሞ ሥዕሉ ይሟላል። በጀትና ቅጣት ግን በደመወዝ ቁጥር ላይ አይታሰር፤ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ግብርናን ዘግተው ሁሉም ሒሳብ አያያዝ ያስተምራሉ።

"ሥራ የሚፈጥረው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ በጦርነት የተዘረፈን ግቢ ከአዲስ አበባ ጋር ማወዳደር ግፍ ነው" የሚሉም አሉ። ጥሬ ቁጥር ብናወዳድር በእርግጥ ግፍ ነው። ወልዲያ በ2004 ዓ.ም. የተከፈተ ወጣት ተቋም ነው፤ ተመራቂዎቹ የሚበተኑበት ገበያ ጠባብ ነው፤ በላዩ ላይ የጦርነቱ ጉዳት አለ። መፍትሔው ግን ሚዛኑን ማስተካከል እንጂ አለመመዘን አይደለም። እንግሊዞች የተመራቂዎችን የግብር መዝገብ ከትምህርት መዝገባቸው ጋር አያይዘው ከዩኒቨርሲቲ በወጡ በ1፣ በ3፣ በ5 ዓመት ስንት እንደሚያገኙ በየዩኒቨርሲቲውና በየመስኩ ያሳትማሉ። ተማሪው ሲገባ የነበረው ውጤትና የሚኖርበት አካባቢ አብሮ ስለሚታይ ደሃ አካባቢ ያለ ተቋም ያለ አግባብ አይወቀስም። በዚሁ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአንድ የምርምር ተቋም ጥናት፣ ከአምስት ተመራቂዎች አንዱ ዩኒቨርሲቲ ባይገባ ኖሮ በገንዘብ ረገድ ይሻለው እንደነበር አሳየ። ደስ የማይል እውነት ነው፤ ግን ከተደበቀው ይሻላል። ወልዲያም በዚህ ዓይነት ሚዛን ብትቀመጥ ዝቅ ትላለች ብዬ አልፈራም፤ በአነስተኛ ነጥብ የገባን ልጅ አስተምሮ ሥራ ማስያዝ ከሚያውቁት መካከል ልትገኝ ትችላለች። ዛሬ ያንን ማሳየት የምትችልበት መንገድ ስለሌላት ስሟ በመግቢያ ነጥብ ብቻ ይነሳል።

መረጃው ከየት ይመጣል ለሚለው ደግሞ ሕጉ ግማሹን መንገድ አስቀድሞ ሄዷል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግቡንና የማደሪያውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ሊከፍል ይስማማል፤ ቀጣሪውም ቆርጦ ለመንግሥት ገቢ የማድረግ ግዴታ አለበት። ልብ ብሎ ላየው ይህ የተመራቂዎች የገቢ መዝገብ ነው፤ ማን፣ ከየት ተመርቆ፣ መቼ ሥራ ጀምሮ፣ ስንት እየተከፈለው እንደሆነ በውስጡ አለ። የጡረታ መዋጮና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አሉ፤ አሁን ደግሞ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ መጥቷል። የግለሰብ ስም ሳይወጣ፣ በየትምህርት ክፍሉ መሀለኛውን ገቢ አስልቶ ማውጣት ከቢሮ ሥራ የዘለለ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያደርጉት የተመራቂዎች ክትትል ጥናት ብቻውን አይበቃም። ስልክ የሚያነሳው፣ መጠይቅ የሚሞላው ብዙ ጊዜ ሥራ ያገኘው ነው፤ ያላገኘው አይመልስም። በመዝገብ የማይገባውን፣ በራሱ እርሻና ንግድ የሚተዳደረውን ለማወቅ ግን ጥናቱም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለራያ ቆላ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። እዚህ የዩኒቨርሲቲ ትልቁ ተፎካካሪ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በአፋርና በጅቡቲ አድርጎ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ የሚወስደው መንገድ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ሲመለሱ ከሰሜን ወሎ የሄዱት ጥቂት አልነበሩም፤ ብዙዎቹም ተመልሰው ሄደዋል። ወጣቱ የሚያየው ከሳዑዲ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቤትና አራት ዓመት ተምሮ ቤቱ የተቀመጠ የጎረቤት ተመራቂ ነው። የመንገዱን ሞትና እሥር ያውቃል፤ የዲግሪውን ትርፍ ግን አያውቅም። በማስታወቂያና በስብሰባ "ትምህርት ይሻላል" ማለት አያሳምነውም። የትኛው ትምህርት፣ የት፣ ምን ያህል እንደሚሻል ቢያይ ግን ሒሳብ ማስላት ይችላል፤ ለአንዳንዱም የአጭር ጊዜ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከሁለቱም የተሻለ ሆኖ ይገኝ ይሆናል።

ያ መረጃ እስኪመጣ ድረስ ወላጅና ተማሪ በአፍም ቢሆን መጠየቅ ይችላሉ። ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት ልትገቡበት ከምታስቡት ትምህርት ክፍል ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ የመውጫ ፈተና እንደተቀመጠና ስንት እንዳለፈ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከተመረቁት ስንቱ በሙያው እንደሚሠራ፣ የት እንደተቀጠሩ ጠይቁ። የትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህርና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጥያቄውን በስማችሁ ለዩኒቨርሲቲው ይጻፉላችሁ። መልስ የሰጠውን ትምህርት ክፍል፣ ቁጥሩ የማያኮራ እንኳ ቢሆን፣ ዝም ካለው አስቀድሙት።